አጥር ያረዘመው መንገድ

«አዲስ አበባን ለእግረኛ ምቹ እናድርጋት» ሲባል ስሰማ ትንሽ ፈገግ እላለሁ። ከተማዋ እኮ ዱሮም የእግረኛ ናት። በቀን ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላዩ ከደጃፍ እስከ መድረሻ በእግር ብቻ የሚያልቅ ነው። ታክሲ የሚይዘውም ሰው ፌርማታ የሚደርሰው በእግሩ ነው፤ የግል መኪና የሚይዘው ከሁሉም ያንሳል። ሰዉን እንዲሄድ መለመን አያስፈልግም ማለት ነው። መሄዱ ካልቀረ መንገዱን ማን አስረዘመበት፣ ሲሻገርስ ምን ይጠብቀዋል የሚለውን መጠየቅ ነው የሚሻለው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ በአራት ኪሎ ወደ መገናኛ፣ ከሜክሲኮ በሳር ቤት ወደ ጎተራ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፤ የብስክሌት መስመርና መብራትም አብሮ መጥቷል። ማታ ወጥቶ መንሸራሸር ያልለመደ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲወጣ እየታየ ነው። ይህን ማጣጣል ግብዝነት ይሆናል። ግን አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ዳቦ ገዝቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ፌርማታ ላይ ሲቆም ከሄደው መንገድ ውስጥ ኮሪደሩ ላይ ያለው ጥቂቱ ነው። ቀሪው ውስጥ ለውስጥ፣ ቅያስ ለቅያስ ነው። የእግር ጉዞን የሚወስነው ደግሞ ታይልስ ከመነጠፉ ከብዙ ዓመት በፊት፣ መሬቱ ሲሸነሸን ነው።

ጤነኛ ጎልማሳ ሳይቸኩል በደቂቃ 80 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ5 ደቂቃ 400 ሜትር ማለት ነው። በካርታ ላይ ቤትዎን መሀል አድርገው በ400 ሜትር ክብ ቢያዞሩ 50 ሄክታር መሬት ይወጣል። ሰው ግን እንደ ወፍ አይበርም፤ መንገድ ተከትሎ ነው የሚሄደው። መንገዶቹ እንደ ዳማ ሰሌዳ ቀጥ ብለው ቢቆራረጡ እንኳ በ5 ደቂቃ የሚደረስበት መሬት ወደ 32 ሄክታር ይወርዳል። መሀሉ ላይ አጥር፣ ግንብ፣ አንድ በር ብቻ ያለው ግቢ ሲገባ 15 ሄክታርም ላይሞላ ይችላል። ዩኤን ሃቢታት (የተባበሩት መንግሥታት የከተሞችና የመኖሪያ ጉዳይ ድርጅት) በ2014 እ.ኤ.አ. ለአዲስ ሰፈር ያስቀመጠው ልክ በካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 15,000 ሰው ነው፤ በሄክታር 150። በዚህ ልክ 32 ሄክታር ላይ 4,800 ሰው ይኖራል፤ 15 ሄክታር ላይ 2,250። ዳቦ ቤቱ አንድ ቤት እንኳ ሳይፈርስ ከደንበኛው ግማሽ በላዩን ያጣል። አዲስ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ተከፍቶ በስድስት ወሩ ሲዘጋ «ሰዉ ገንዘብ የለውም» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰዉ ሱቁን በመስኮቱ እያየው ሊደርስበት አልቻለም።

ይህን ለመለካት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ስልክዎ ላይ ካርታ ይክፈቱና ከቤትዎ እስከ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ፌርማታው ድረስ ያለውን ርቀት ሁለት ጊዜ ይለኩ፦ አንዴ በቀጥታ መስመር፣ አንዴ በትክክል በሚሄዱበት መንገድ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ያካፍሉት። እንደ ዳማ ሰሌዳ መስመር በያዙ መንገዶች መሀል አማካዩ 1.27 ገደማ ነው፤ ከ1.41 አያልፍም። ውጤትዎ 1.3 አካባቢ ከሆነ ሰፈሩ ደህና ነው። 1.6 ሲያልፍ መሀል ላይ የሚያዞርዎ ነገር አለ፤ ከ2 በላይ ከሆነ ደግሞ ያ ነገር ብዙ ጊዜ አንድ አጥር ነው፤ የትኛው እንደሆነም ከማንም በላይ የሰፈሩ ልጆች ያውቁታል። ከሥሩ ቆፍረው የሚሾልኩበት ቀዳዳ አለ። ፕላን የሚያወጣ ሰው ወደ አዲስ ሰፈር ሲሄድ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ያንን ቀዳዳና ሣሩ ላይ በእግር የተመታችውን ቀጭን መንገድ ነው። እዚያ መንገድ እንደሚያስፈልግ ነዋሪው ተሰብስቦ ሳይወያይ በእግሩ ወስኗል።

የድሮዎቹ ሰፈሮች በዚህ በኩል ሀብታም ነበሩ። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈሩ፤ ተከታዩ፣ ወታደሩ፣ የእጅ ባለሙያው በዙሪያቸው ጎጆ ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር እያልን የምንጠራቸው ከዚያ የቀሩ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስና የቀበሌ ቤት ሲመጣ ደግሞ ድሃው በአነስተኛ ኪራይ መሀል ከተማ ጸና። ውጤቱ፣ ማንም አቅዶ ያልሠራው ቢሆንም፣ ዛሬ የከተማ ባለሙያዎች በብዙ ወጪ ሊፈጥሩት የሚጥሩት ዓይነት ሆነ፦ ሀብታምና ድሃ አንድ ቅያስ ላይ፣ ጉሊቱ ጥግ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ በደወልና በአዛን ርቀት፣ ዕድሩ በጡሩምባ የሚጠራራ። ይህን ስል ግን ሽንት ቤቱ ለስንት ቤተሰብ አንድ እንደነበር፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ በየቤቱ እንደሚዘልቅ፣ እሳት ሲነሳ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ እንደሚያጣ ረስቼ አይደለም። ሁለት ሜትር ቅያስ ለእግረኛ ውብ ነው፤ ምጥ ለያዛት ሴት አምቡላንስ ሲጠራ ግን መርገምት ነው። ጥሩ ፕላን ቅያሱን አይደፍነውም፤ ቢያንስ በየ100 ሜትሩ አንድ 6 ሜትር መንገድ በመሀሉ አሳልፎ ሌሎቹን ለእግር ይተዋቸዋል።

ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ በተቃራኒው ቤቱን አስተካክሎ መንገዱን ረሳ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተገነቡት ብዙ ሳይቶች ነጻ መሬት የተገኘበት ጫፍ ላይ ናቸው፦ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። የሥራ ቦታው መሀል ቀረ። ለዚህ ምንም ዓይነት የእግረኛ መንገድ መፍትሔ አይሆንም፤ 15 ኪሎ ሜትር በእግር አይኬድም። በአዲስ ሰፈር ውስጥ ያለው ትልቁ «የትራንስፖርት ፕሮጀክት» ሥራና ትምህርት ቤት ወደዚያው ማምጣት ነው። ኮንዶሚኒየሙ ለዚህ አንድ ብልህ ነገር ይዞ መጥቶ ነበር፤ ምድር ቤቱ ለንግድ ተለይቶ በጨረታ መሸጡ። ሱቁ ፊቱን ወደ መንገድ በሰጠበት ቦታ ሁሉ ሰፈሩ ሕይወት ዘርቷል፤ በየ4 ሜትሩ አንድ በር፣ ፀጉር ቤት፣ ጀበና ቡና፣ ልብስ ስፌት። ሱቁ ፊቱን ወደ መኪና ማቆሚያው ባዞረበት ብሎክ ግን መጋዘን ሆኖ ቀርቷል። ልዩነቱ ሕንፃው የተቀመጠበት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከፍለው የማያገኙት፣ ከተገነባም በኋላ የማይዞር ነገር።

ከዚያ አጥሩ ይመጣል። ነዋሪው ገብቶ ማኅበር ሲያቋቁም የመጀመሪያው ውሳኔ ብዙ ጊዜ ማጠር፣ ጥበቃ መቅጠርና አንድ በር ማስቀረት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የውኃ ቆጣሪ ይሰረቃል፣ የመኪና መስታወት ይነቀላል። ግን ሂሳቡን እንየው። ግቢው ጎኑ 300 ሜትር ቢሆንና በሩ በደቡብ ቢገኝ፣ በሰሜን ጫፍ ያለ ነዋሪ አጥሩን ተደግፎ ወደሚታየው ፌርማታ ለመድረስ ግቢውን አቋርጦ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ በውጭ በኩል መልሶ ይወጣል፤ ከ600 ሜትር በላይ፣ 8 ደቂቃ። ደርሶ መልስ 16። አረጋዊቷ እናት ይህን ሲያስቡ ቅዳሴውን ይተዉታል፤ ልጅየው ባጃጅ ይይዛል።

መፍትሔው አጥሩን ማፍረስ ላይሆን ይችላል፤ መብሳት ይበቃል። 3 ሜትር ስፋት ያለው መሾለኪያ በቂ ነው፤ 4 ቢሆን ይመረጣል። መሾለኪያ ግን በዘፈቀደ ከተበሳ የሽንት ቦታና የሌባ መጠበቂያ ይሆናል፤ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ደግሞ ማንንም አግዶ አያውቅም። ከዚህ ጫፍ ሲቆሙ ያኛው ጫፍ መታየት አለበት፤ የታጠፈ መሾለኪያ አይሥሩ። ከ50 ሜትር በላይ በር ወይም መስኮት በሌለው ግንብ መሀል አያሳልፉት። በሁለቱም አፍ ላይ ሰው የሚቀመጥበት ነገር ይኑር፦ ኪዮስክ፣ ሊስትሮ፣ የጀበና ቡና። ይህ ከጥበቃ ይሻላል፤ የራሱን ደመወዝ ራሱ ያወጣልና። ማኅበሩ ሌሊት ልክፈት ብሎ አይስማማም፤ ግድ የለም፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተከፍቶ ቢዘጋ ከጉዞው አብዛኛውን ይሸፍናል። መብራቱ ደግሞ ከ4 እስከ 5 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በየ15 እና 20 ሜትሩ ይሁን። ባለ 10 ሜትሩ የመኪና መንገድ መብራት አስፋልቱን አብርቶ ዛፉ ሥር ያለውን እግረኛ ጨለማ ውስጥ ይተወዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ መሻገር። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ቀለበት መንገዱ ሲሠራ ለመኪና ነጻ መስመር ተሰጥቶ እግረኛው ወደ ላይ፣ ወደ ድልድይ ተላከ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም መሬት ላይ በሚሄድበት ሁሉ ሁለቱን የመንገድ ዳር በአጥር ለያየ። ጎረቤት የነበሩ ሱቆች እየተያዩ ተራራቁ፤ 30 ሜትር የነበረው መሻገሪያ፣ ማቋረጫው 350 ሜትር ላይ ሲሆን፣ 730 ሜትር ሆነ።

ስለ እግረኛ ድልድይ በግልጽ ልናገር፦ ከተማ መሀል ላይ አልወደውም። ከባድ መኪና በሥሩ እንዲያልፍ 5 ሜትር ተኩል ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ የድልድዩ ውፍረት ሲጨመር ሰው 6 ሜትር ይወጣል። አንዱ ደረጃ 16 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 38 ደረጃ ወጥቶ 38 መውረድ ነው። ለተሽከርካሪ ወንበር ራምፕ (ያለ ደረጃ የተንጋለለ መወጣጫ) ይሠራ ከተባለ፣ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ስለሚያስፈልግ፣ በእያንዳንዱ ወገን 72 ሜትር፤ ማረፊያው ሳይቆጠር። ታዲያ ከታች 14 ሜትር አስፋልት በ12 ሰከንድ የሚሻገር ሰው፣ እንስራ ያዘለች ወይም ሽንኩርት የተሸከመች ሴት፣ 76 ደረጃ ለምን ትመርጣለች? «ሕዝቡ ሥርዓት የለውም» የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ሕዝቡ ሥርዓት ሳይሆን ጉልበት ነው የቆጠበው። በእውነተኛ ፈጣን መንገድ ላይ ድልድይ ሌላ አማራጭ ላይኖረው ይችላል፤ ሱቅና ትምህርት ቤት ግራና ቀኝ ባሉበት ጎዳና ግን መውረድ ያለበት የመኪናው ፍጥነት ነው።

ፍጥነቱ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 8.3 ሜትር ይምዘገዘጋል። ሹፌሩ ሕፃን ድንገት ሲገባበት አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ይወስድበታል፤ ከዚያ በደረቅ አስፋልት፣ በጤነኛ ፍሬን 5 ሜትር ያህል ተንሸራቶ ይቆማል። ጠቅላላ 13 ሜትር። በ50 የሚሄደው ግን በዚያችው የማሰቢያ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይሄዳል። የመጀመሪያው መኪና ቆሞ ሞተሩን ባጠፋበት ነጥብ ላይ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልነካም፤ ሕፃኑን የሚያገኘው በሙሉ 50 ነው። የክረምት እርጥብ አስፋልትና ያረጀ ጎማ ሲጨመር ይብሳል።

«ፍጥነት ይቀንሱ» የሚል ሰሌዳ ግን ፍጥነት አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የመንገዱ ቅርጽ ነው። የመኪና መስመር 3.5 ሜትር ከሆነ ሹፌሩ ሳያውቀው ይፈጥናል፤ 3 ሜትር ሲሆን ይጠነቀቃል። አራት መስመር ባለው መንገድ ከእያንዳንዱ ግማሽ ሜትር ብትቀንሱ 2 ሜትር ትርፍ ይገኛል፤ 2 ሜትር ደግሞ መሀል ላይ ለእግረኛ ማረፊያ ደሴት የሚያስፈልገው ትንሹ ስፋት ነው። አንድም ቤት ሳይነካ፣ አንድም ካሬ መሬት ሳይወሰድ፣ አሮጊቷ በአንድ ጊዜ አንዱን ወገን ብቻ እያዩ በሁለት ጉዞ ይሻገራሉ። በሰከንድ 0.8 ሜትር ለሚሄድ ሰው 14 ሜትር 17 ሰከንድ ተኩል ነው፤ የብዙ መብራቶቻችን አረንጓዴ ሰው ይህን አይጠብቅም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ደግሞ ጥግ በሰፊው እንዲጠማዘዝ ሲደረግ መኪናው ሳይቀንስ ይታጠፋል፣ ዜብራውም ብዙ ሜትር ይረዝማል። የመታጠፊያውን ራዲየስ ከ10 ወይም 12 ሜትር ወደ 4 ወይም 5 ማውረድ በቀለም፣ በድንጋይና በአበባ ገንዳ የሚሠራ ሥራ ነው። ለገሀርና ሰባተኛ ላይ በዚህ መንገድ ተሞክሯል፤ መጀመሪያ ቀለም ቀብቶ መሞከር፣ መኪናው የት እንደሚያስቸግር አይቶ ማስተካከል፣ ከዚያ ወደ ኮንክሪት መሄድ። ስህተቱ በቀለም ላይ ሲሆን ርካሽ ነው።

ከፍ ያለ ዜብራም ጥሩ ነው፤ ስፒድ ብሬከርና ማቋረጫ በአንድ ላይ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ጠፍጣፋው አናቱ ከ3 ሜትር አያንስም፣ መወጣጫው ለስላሳ ይሆናል። የሚበላሸው ሁልጊዜ በውኃ ነው። ዳገታማ በሆነችው ከተማችን ጎርፉ ከላይ መጥቶ ከፍ ካለው ዜብራ ጋር ሲጋጭ ይተኛል፤ ሐምሌ ላይ ማቋረጫው ፊት ኩሬ ይሆናል፣ እግረኛውም ያንን ሽሽት ሌላ ቦታ ይሻገራል። ስለዚህ በላይኛው በኩል ከ1 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ የጎርፍ መቀበያ ፍርግርግ ይግባ፤ ያለ እሱ ሥራውን አትረከቡ። ተራ ቀለምም በወራት ውስጥ ይጠፋል። በሙቀት የሚነጠፈው ቀለም ይቆያል፣ ግን እርጥብ ወይም አቧራማ አስፋልት አይዝም፤ ሥራው ክረምት ሲወጣ ይሁን እንጂ የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለደረሰ ሰኔ ላይ አይቀባ።

ሚኒባስ መስቀለኛው አፍ ላይ እየቆመ ማቋረጫውን ይዘጋል እየተባለ ይከሰሳል። ረዳቱ እኮ የሚቆመው ሰዉ ባለበት ነው። ፌርማታውን ከመስቀለኛው 20 ወይም 30 ሜትር አሳልፎ፣ ከማቋረጫው በኋላ ማድረግ ነው፤ ያኔ የወረደው ሰው ከመኪናው ኋላ ይሻገራል፣ ሹፌሩም ያየዋል። ከመኪናው ፊት ለፊት የሚሻገርበት ፌርማታ ገዳይ ነው።

አሁን ወደ እግረኛ መንገዱ። ንጹሕ፣ ምንም ያልተተከለበት 2 ሜትር ያስፈልጋል፤ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች የሚተላለፉት 1.8 ሜትር ላይ ነው። መብራት፣ ዛፍ፣ ምልክት ሁሉ ከአስፋልቱ ወገን ባለ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ሰቅ ውስጥ ይታሰር። ጉሊቷም እዚያ ትግባ፤ ለአንድ ሻጭ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከበቂ በላይ ነው። ጉሊት ያለበት መንገድ ማታ ለሴት ልጅ ጉሊት ከሌለበት ይልቅ ደህንነት አለው፣ ከሥራ የሚመለስም ሰው ቲማቲም ለመግዛት ብሎ አይዞርም። ደንብ አስከባሪ ከሚያባርራት መሬት ላይ መስመር ቢሰመርላት ይቀላል። የግቢ በር ያለበት ቦታ ሁሉ እግረኛ መንገዱ ሲወርድና ሲወጣ እንደ ማዕበል ይሆናል፤ ተገላቢጦሹ ነው ትክክሉ፣ መንገዱ ደረጃውን ጠብቆ ይለፍ፣ መኪናው ከርብስቶኑ (ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ) ጋ ባለው ሰቅ ላይ ይውጣ ይውረድ።

ከሁሉ በላይ እግር የሚሰብረው ግን የዲች፣ ማለትም የጎርፍ ማፍሰሻው ቦይ፣ ክዳን ነው። በብዙ ሰፈር እግረኛ መንገድ ማለት የዲች ክዳን ማለት ነው። የሚሰበርበትን ምክንያት ቀርቦ ማየት ይጠቅማል። ክዳኑ በሁለት ጫፍ ተደግፎ መሀሉ ባዶ ላይ ነው፤ ሲጫን ከታች ይለጠጣል፣ ከላይ ይጨመቃል። አርማታ መጨመቅን ይችላል፣ መለጠጥን አይችልም። ፌሮው መግባት ያለበት ከታች በኩል ነው። ሥራው በቀን ሠራተኛ ሲሮጥ ግን ወይ አርማታው ከተሞላ በኋላ ፌሮው ከላይ ይጣልበታል፣ ወይ ካሳፎርማው (አርማታ የሚሞላበት ቅርጽ) ወለል ላይ በቀጥታ ተጋድሞ ይሞላበታል። የመጀመሪያው ዓይነት ክዳን ታክሲ አንዴ ሲወጣበት ይሰነጠቃል። ሁለተኛው በሁለት ክረምት ዝጎ አርማታውን ይላጠዋል። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ዲች 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ፣ ከታች 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርገው የኮንክሪት ስፔሰር፤ መኪና የሚወጣበት ከሆነ ውፍረቱ 15። ክዳን ከክዳን መሀል ያለው ክፍተት ከ1.5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ የዓይነ ስውር በትርና የጫማ ተረከዝ ይገባበታል። የብረት ክዳን አይመከርም፤ ሌሊቱን ወደ ቁርጥራጭ ብረት ገዢ ይሄዳል።

ኮብልስቶንም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ከራሳችን ባዛልት ተጠርቦ፣ ለወጣቱ ሥራ ፈጥሮ የተነጠፈ፣ ተነቅሎ ተመልሶ የሚገጠም፤ ከአስፋልት ይልቅ ለውስጥ መንገድ የተመቸ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ድንጋይ በ4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ይቀመጣል፣ ከሥሩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ (ለመሠረት የሚነጠፍ ጠጠራማ አፈር) በደንብ ይጠቀጠቃል። መሠረቱ ያልተስተካከለ ሲሆን በአሸዋ ይሸፈንና ለርክክብ ያምራል፤ አሸዋው ወፍሮ የተተኛበት ቦታ ሁሉ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል። የዳር ከርብስቶኑ በኮንክሪት ካልታሰረ ደግሞ ድንጋዮቹ ወደ ጎን እየተንሸራተቱ ይላላሉ። ውኃ ወይም ቴሌ ቆፍሮ ሲሄድ አፈሩን ሳይጠቀጥቅ ድንጋዩን መልሶ ይደረድራል፤ በወሩ ጉድጓድ ነው። ለእግረኛ አንድ ማሻሻያ ብቻ ብጠየቅ፣ በመንገዱ አንድ ወገን 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ልሙጥ የኮንክሪት ሰቅ ይነጠፍ እላለሁ። ለተሽከርካሪ ወንበር፣ ለሕፃን ጋሪ፣ ጀሪካን በጋሪ ለሚጎትት ሁሉ እፎይታ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በየትኛውም የውጭ መመሪያ ላይ አይገኝም፦ ድንኳን። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳኑን የሚተክለው መንገድ ላይ ነው፤ ሠርግም እንደዚሁ። አዲስ ሰፈር ሲነደፍ ለዚህ ቦታ ካልታሰበ ለቅሶው መኪና ማቆሚያ ላይ ይሆናል፣ ወይም ብቸኛው መውጫ መንገድ ለሦስት ቀን ይዘጋል። ከሁለት በኩል የሚወጣበት የውስጥ መንገድ ካለ አንዱን ዘግቶ በሌላው ማለፍ ይቻላል። መውጫ የሌለው መንገድ መጥፎነቱ ለእግረኛው ብቻ እንዳልሆነ የሚታየው ያኔ ነው። ድንኳን መትከያው በሌላው ቀን የልጆች ኳስ ሜዳ ይሆናል፤ አስፋልት ባይነጠፍበት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ሲባል በልማቱ ከመሀል ከተማ የተነሱትን ሰዎች ጉዳይ ማንሳት ግድ ነው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ከለቀቀው ሰው ብዙው በእግሩ ሥራ ይውል የነበረ ነው፤ የቀን ሠራተኛ፣ ጉሊት፣ የቢሮ ተላላኪ። ጫፍ ላይ የተሻለ ቤት ሲያገኝ በቀን ሁለት ሦስት ታክሲ የሚይዝ ሰው ሆነ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሲሰፋ ዋነኞቹ ተጠቃሚዎቹ ርቀው ነበር። የመኖሪያ ቤት ወጪን ብቻ ለይቶ የሚያሰላ ፕላን ትራንስፖርቱን ከነዋሪው ኪስ ያስከፍላል።

ጫፍ ላይ ያሉት ሰፈሮች ግን ገና አላለቁም፤ መሬት አሁንም እየተሸነሸነ ነው። ዩኤን ሃቢታት የሚለው ልክ በካሬ ኪሎ ሜትር 18 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ በየ110 ሜትሩ ገደማ አንድ ቅያስ ማለት ነው፣ ከመሬቱም 30 በመቶው ለመንገድ ይሄዳል። ለሊዝ የሚቀርበውን መሬት ስለሚቀንስ ብዙ ያስኮርፋል። ሁሉንም ማግኘት ካልተቻለ፣ ቢያንስ በየብሎኩ መሀል 3 ሜትር የእግር መሾለኪያ በሽንሻኖ ፕላኑ ላይ ይሰመር። ፕላን ላይ ሳለች ዋጋዋ አንድ የእርሳስ መስመር ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ባለይዞታዎች የይዞታ ካርታ ከወሰዱ በኋላ ግን ያችው 3 ሜትር በካሳ፣ በፍርድ ቤት ቀጠሮና በጎረቤት ቂም የምትገኝ ትሆናለች።